የሠራነውን መጻፍ፦ ለባዮሜዲካል ሳይንስ ድህረ ምረቃ ስናመለክት



ከመግሪብ በኋላ በጥናት ክፍላችን ተደጋግመው ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ባዮሎጂ፣ ሜዲካል ላብራቶሪ ወይም ፋርማሲ ተምሬ በምርምር መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ባለፈው ዓመት ከዚሁ ጀመዓ አራታችን በአሜሪካ ላሉ የባዮሜዲካል ሳይንስ ፕሮግራሞች አመልክተን ነበር። ከአራታችን ሙሉ ወጪዋ ተሸፍኖ ቦታ ያገኘችው አንዷ እህታችን ብቻ ናት፤ አልሐምዱሊላህ። ሦስታችን ዘንድሮ እንደገና እየተዘጋጀን ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አራታችንም ነን። ምን እንደተሳካልን ብቻ ሳይሆን የት እንደተሰናከልንም ብንነግራችሁ ይጠቅማችኋል ብለን እናምናለን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንበል፤ የቀረው ጽሑፍ የእሱ ማብራሪያ ነው። ማመልከቻውን የሚያነቡት መምህራን የሚፈልጉት የተዋበ ሰው ሳይሆን በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ በትክክል መናገር የሚችል ሰው ነው።

1. ምን እንደምናመለክት እንወቅ

ባዮሜዲካል ሳይንስ ሲባል ለብዙዎቻችን ሐኪም የሚያደርግ ትምህርት ይመስለናል። አይደለም። በሽታ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሰውነት እንዴት እንደሚከላከለው፣ መድኃኒትም በምን መንገድ እንደሚሠራ የሚመረመርበት ዘርፍ ነው። ኢሚውኖሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ኒውሮሳይንስ፣ የካንሰር ባዮሎጂና ፋርማኮሎጂ በውስጡ ይገኛሉ። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስበው አንድ የጋራ ማመልከቻ ይቀበላሉ። የገባው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ጊዜ በሦስት ላብራቶሪዎች ተራ በተራ ለተወሰኑ ሳምንታት ይሠራል፤ ይህን ሮቴሽን ይሉታል። አማካሪውን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፒኤችዲው በአብዛኛው አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይፈጃል።

በአሜሪካ ለፒኤችዲ ለማመልከት ማስተርስ ግዴታ አይደለም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። በአውሮፓ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይቀድማል፤ ፒኤችዲውም በብዙ ቦታ እንደ ሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ወጥቶለት በአንድ የተወሰነ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ለሁለቱ የሚጻፈው ማመልከቻ አንድ ዓይነት አይሆንም።

አገር ውስጥ መቀጠልንም እንደ ሁለተኛ ምርጫ አትዩት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ካሳዩት ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም በሽታዎች ይመረምራል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች ማስተርስ እየሠራ ወይም በረዳትነት እያገለገለ ልምድ ያካበተ ሰው በኋላ ወደ ውጭ ሲያመለክት የሚናገረው ብዙ ነው። አገር ውስጥ ለድህረ ምረቃ ብሔራዊው የመግቢያ ፈተና እንዳለ ግን አትርሱ።

2. «ተቀብለንሃል» እና «እንከፍልልሃለን» ይለያያሉ

በአሜሪካ የባዮሜዲካል ፒኤችዲ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፤ ከዚያ በላይ ለተማሪው መተዳደሪያ ይከፍላሉ። ማስተርስ ግን በአብዛኛው ተማሪው ከኪሱ የሚከፍለው ነው። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሳያጣራ ከፒኤችዲው ጎን ለጎን ለማስተርስ አመለከተ፤ ተቀበሉትም። ደብዳቤው ሲመጣ ዶርም ውስጥ ተቃቅፈን ተደሰትን። ቤተሰቡም ሰማ። በማግስቱ የክፍያውን ገጽ ስናነብ ግን ከአባቱ የብዙ ዓመት ደመወዝ በላይ ሆኖ አገኘነው። አማራጩ በወለድ የሚከፈል ብድር ነበር። ወንድማችን «በዚህ መንገድ አልጀምርም» ብሎ ተወው። ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ ለእናቱ መንገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ይህን ሐዘን ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ከማመልከቱ በፊት ገጹን አንብቦ ቢሆን ኖሮ።

ሌላም ማወቅ ያለብን አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ለፒኤችዲ ተማሪዎች ማሠልጠኛ የሚሰጡት ዋናው ድጎማ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የውጭ ተማሪ የሚከፈለው ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገንዘብ ወይም ከፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት ነው። ስለዚህ ለእኛ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ጭራሽ የውጭ ተማሪ አይቀበሉም። በማመልከቻ ክፍያ ገንዘባችንን ከማጥፋታችን በፊት በየፕሮግራሙ ገጽ ላይ ስለ ውጭ አገር ተማሪዎች የተጻፈውን እንፈልግ፤ ግልጽ ካልሆነ ለፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል እንጻፍ። እኛ ከመረጥናቸው ፕሮግራሞች ሁለቱን የሰረዝነው በአንድ ኢሜይል መልስ ነው።

3. የእህታችን የወባ ስላይዶች

«እኛ ጋር ላብራቶሪ የለም፤ ምን ልምድ ልጽፍ ነው?» የሚል ሐሳብ ብዙዎችን ያስቆማል። እህታችንም እንዲሁ ትል ነበር። የመመረቂያ ጥናቷ በአንድ ጤና ጣቢያ የወባን ፈጣን መመርመሪያ ኪት ከማይክሮስኮፕ ምርመራ ጋር ማነጻጸር ነበር። ጥቂት ናሙናዎች ላይ ማይክሮስኮፑ ፋልሲፓረም ሲያሳይ ኪቱ «የለም» አለ። መጀመሪያ ያፈረችበት ነገር ነበር። «የእኔ ስህተት ነው የሚመስለው፤ ከማመልከቻዬ ላውጣው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «አውጪው» ብለናት ነበር።

አማካሪዋ ግን አስቆሟት። ፋልሲፓረምን የሚለዩት አብዛኞቹ ኪቶች ጥገኛ ተዋሲያኑ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተዋሲያን ደግሞ በመጀመሪያ በደቡብ አሜሪካ፣ ኋላም በኤርትራና በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ተዋሲያን ታማሚው ደም ውስጥ እያለ ኪቱ አያየውም፤ ታማሚውም «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። እህታችን ያፈረችበት ነገር የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ጂኑ መጉደሉን አላረጋገጠችም፤ ፒሲአር መሥራት አልቻለችም። ስለዚህ «የጂን ጉድለት አገኘሁ» ብላ አልጻፈችም። የጻፈችው ይህን ነው፦ ልዩነቱን እንዳየች፤ ምክንያቱ የተዋሲያኑ ቁጥር ማነስ፣ ኪቱ በሙቀት መበላሸቱ፣ የራሷ የማይክሮስኮፕ ንባብ ስህተት ወይም የጂን ጉድለት ሊሆን እንደሚችል፤ እነዚህን ለመለየት ስላይዶቹን ለሌላ ሰው እንዳስነበበች፤ ዕድሉ ቢኖራት ቀጥሎ ምን እንደምትሠራ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠየቋት መምህራን አብዛኞቹ ያተኮሩት በዚሁ አንቀጽ ላይ ነበር።

ከዚህ የተማርነው፦ ውድ መሣሪያ አለመኖሩ እኛን አያሳንስም። ጥያቄያችን ምን ነበር? በምን አወዳደርን? ያልጠበቅነው ውጤት ሲመጣ ምን አደረግን? ይህን መመለስ የሚችል ሰው ልምድ አለው። ሦስተኛ ዓመት ያላችሁ ከአሁኑ ወደ አንድ መምህር ቀርባችሁ «በምርምርዎ ላይ ላግዝዎት» በሉ። ጥናታችሁን ለማለፊያ ብቻ አትሥሩት፤ በየቀኑ የሠራችሁትን በደብተር መዝግቡ።

4. «እኔ» ማለት ኩራት ነው?

የዓላማ መግለጫ የሚባለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያ ረቂቆቻችን ሁሉ «ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ልጅን መርዳት እመኝ ነበር» የሚሉ ነበሩ። አራታችንም! ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን ስለ ማናችንም ምንም አይናገርም። ኋላ ሁላችንም አውጥተን ጣልነውና በሠራነው ሥራ ጀመርን። ለእያንዳንዱ የምርምር ልምድ አራት ነገሮች ጻፉ፦ ጥያቄው፣ እኔ የሠራሁት፣ የተገኘው ውጤት፣ ትርጉሙ። በመጨረሻ ለምን ያንን ፕሮግራም እንደመረጣችሁ ግለጹ፤ ሥራቸውን በእርግጥ ያነበባችሁትን ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ጥቀሱ። የመምህሩን ስም ብቻ ቀይሮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ መላክ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ለብዙዎቻችን የከበደን ነገር አለ። የመመረቂያ ጥናት በቡድን ነው የሚሠራው፤ ባደግንበት ባህልም «እኔ እንዲህ ሠራሁ» ማለት ያሳፍራል፤ ሪያእ እንዳይሆንብንም እንፈራለን። ስለዚህ ሁሉን «እኛ» ብለን ጻፍን። አንባቢው ግን የሚቀበለው ቡድኑን አይደለም፤ የእያንዳንዳችንን ድርሻ ማወቅ አለበት። «ናሙናውን ሦስታችን ሰበሰብን፤ የስላይዱን ንባብና ትንተናውን እኔ ሠራሁ» ማለት ኩራት አይደለም። የራስን ድርሻ በልኩ መናገር የጓደኞቻችንንም ሐቅ መጠበቅ ነው። አማና የሚጎድለው የሌላውን ድርሻ ስንወስድ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወንድማችን እንምጣ። ራሱ «ጻፉት፤ ሌላው ይማርበት» ስላለን ነው የምንጽፈው። በእንግሊዝኛው ስላልተማመነ መግለጫውን ለሚጽፍለት ሰው ገንዘብ ከፈለ። የመጣለት ጽሑፍ ያማረ ነበር፤ «ፍሎው ሳይቶሜትሪ በመጠቀም የደም ሕዋሳትን ለይቻለሁ» የሚልም ነበረበት። ወንድማችን ማሽኑን ያየው ለጉብኝት በሄድንበት ቀን ነው። «አንድ ዓረፍተ ነገር ናት» ብሎ ተወው። ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። አንዲት ፕሮፌሰር በጥሩ ፊት፣ ልታጠምደው ሳይሆን ሥራው ስለሚያስደስታት፣ «ሕዋሳቱን ለመለየት ወሰኑን እንዴት አስቀመጥክ?» አለችው። ዝም አለ። የቀረው ሃያ ደቂቃ በትህትና አለቀ። ከክፍሉ ሲወጣ ያለንን አንረሳውም፦ «እውነተኛው ሥራዬ እኮ በቂ ነበር፤ እሱን ሳይጠይቁኝ ቀረ።»

ቋንቋ የሚያርምላችሁ ጓደኛ ፈልጉ፤ ነውር የለውም። የሰው እጅም ሆነ ኮምፒውተር ግን ያልሠራችሁትን እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ካለው እያንዳንዱ ቃል ላይ አሥር ደቂቃ መናገር ካልቻላችሁ ያ ቃል ይውጣ።

5. የድጋፍ ደብዳቤ ምስክርነት ነው

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ተማሪው የመምህሩን ኢሜይል ይሞላል፤ ዩኒቨርሲቲው ለመምህሩ ሊንክ ይልክለታል፤ ደብዳቤውን የሚያስገባው መምህሩ ራሱ ነው። «ደብዳቤውን የማየት መብትዎን ይተዋሉ?» የሚል ጥያቄም ይቀርብላችኋል። መተው የተለመደ ነው፤ መምህሩ በነፃነት እንደጻፈ አንባቢው ያምናል።

እኛ ጋር ግን «ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ» የሚባል ልማድ አለ። ሁለት መምህራን ለአንዱ ወንድማችን ይህንኑ አሉት። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ጻፈ። ስናነባቸው የአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቃል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አልን። ከዚያ ከመካከላችን አንዱ «ሰው ለራሱ ምስክር ይሆናል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም።

ወንድማችን ደብዳቤዎቹን ትቶ ለሁለቱም መምህራን አንድ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዞ ሄደ፦ የትኛውን ኮርስ ከእርሳቸው ጋር እንደወሰደ፣ በጥናቱ ምን እንደሠራ፣ የት እንደተቸገረና እንዴት እንደተወጣው፣ ለምን እንደሚያመለክት፣ መዝጊያ ቀኑም መቼ እንደሆነ። «ጋሼ፣ ቃሉ የእርስዎ ይሁን፤ እኔ ማስታወሻውን ላግዝ» አላቸው። አንደኛው መምህር ደስ ብሏቸው በሦስት ቀን ጻፉ። ሁለተኛው ግን ሥራ በዝቶባቸው ሳያስገቡ ቀኑ አለፈ፤ ሁለት ፕሮግራሞች በዚያው ተዘጉበት። ይህን መደበቅ አንፈልግም፤ ሐቁን መያዝ ያን ጊዜ ዋጋ አስከፍሎታል። ስንመረምረው ግን ጥፋቱ ሐቁን መያዙ ሳይሆን መዘግየቱ ነበር፤ የጠየቃቸው መዝጊያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዘንድሮ በመስከረም ጠይቋል፤ አራተኛ መምህርም በተጠባባቂነት ይዟል።

6. ሰነድ፣ ስምና ሰዓት

• ስም፦ የብዙዎቻችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በየሰነዱ ይለያያል። «መሐመድ» የሚለው አንዱ ላይ በአንድ «ኤም»፣ ሌላው ላይ በሁለት ይጻፋል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ አናባቢው ተቀይሮ ይገኛል። ለፈተና ከመመዝገባችሁ በፊት ትራንስክሪፕትና ፓስፖርታችሁን አስተያዩ። ማመልከቻውን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ፤ ልዩነት ካለ ከሬጅስትራር ማረጋገጫ ጠይቁ።

• ዘመን፦ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ይህ በግልጽ ይጻፍ። አለበለዚያ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቃችሁ ትመስላላችሁ።

• ፈተና፦ ብዙ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች ጂአርኢን አስቀርተዋል። የእንግሊዝኛ ፈተናን አንዳንዶች በእንግሊዝኛ ለተማረ ሰው ያነሳሉ፤ ከሬጅስትራር ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እያንዳንዱን ፕሮግራም ለየብቻ አጣሩ።

• ክፍያ፦ የማመልከቻ ክፍያ በዶላር ነው፤ በካርድ መክፈል ለእኛ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከክፍያ ነፃ የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው፤ የሚጠየቀው ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ነው። በትህትና ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስነውርም።

• ሰዓት፦ ብዙ ፕሮግራሞች የሚዘጉት በዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእኛ ኅዳር 22 ይውላል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው በእኛ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። በዚያ ጠዋት ላይ አትተማመኑ፤ መብራትና ኢንተርኔት ቀጠሮ አያከብሩም።

7. ቃለ መጠይቅና ውሳኔ

ቃለ መጠይቅ በአብዛኛው ከጥር እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ይደረጋል፤ እንደኛ ሩቅ ላለ ሰው በቪዲዮ ነው። ከበርካታ መምህራን ጋር ለየብቻ ትነጋገራላችሁ። የእነርሱ ጠዋት 3 ሰዓት በምሥራቁ ዳርቻ አቆጣጠር የእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ መግሪብና ዒሻ በመካከል ይገባሉ። በእነዚህ ዓመታት ረመዷንም ከየካቲት ጋር ስለሚገጥም ኢፍጣርም እዚያው ላይ ይደርሳል። እህታችን አስቀድማ ለአስተባባሪዋ «ለሶላትና ለማፍጠር አሥራ አምስት ደቂቃ ክፍተት ይኑረኝ» ብላ ጻፈች፤ በዚያው ቀን ሰዓቱን አስተካከሉላት። ሳይጠይቁ ከመጨነቅ መጠየቅ ይሻላል።

ከአንድ በላይ ቦታ የተቀበላችሁ ከሆነ አትቸኩሉ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ደንብ አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 አካባቢ በፊት እንዲወስን አይገደድም። ያ ጊዜ ለሹራና ለኢስቲኻራ ነው። በላብራቶሪዎቹ ካሉ ተማሪዎች ጋር ተነጋገሩ፤ አማካሪው ተማሪዎቹን እንዴት እንደሚይዝ ጠይቁ። ለስድስት ዓመት የሚሆን ምርጫ በዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ አይደረግም።

ማጠቃለያ

መስከረም ላይ ፕሮግራሞችን መርጣችሁ መምህራንን ጠይቁ። ጥቅምት ላይ መግለጫውን ጻፉ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ያንብበው። ኅዳር ከገባ በኋላ አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ ያላችሁን አጣሩና አስገቡ።

ሦስታችን ዘንድሮ የምንልከው ማመልከቻ ካምናው ያነሰ ያማረ ነው። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የለበትም። «ከልጅነቴ ጀምሮ» የለበትም። ያለበት እያንዳንዱ መስመር ግን የሠራነው ነው፤ ማንም ቢጠይቀን እንመልሳለን። ሪዝቁ በአላህ እጅ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው ሰበቡን በሐቅ ማድረስ ነው።

ረቂቅ ያላችሁ ከመግሪብ በኋላ ወደ ጥናት ክፍሉ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን። ያኔ ለእህታችን «አውጪው» እንዳልናት አንሳሳትም፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።